ከፊት የሚመጣ የሌለበት መንገድ

ሲቀላ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት አለ። ስሙን አልጠራም። አርባ ምንጭ ያደጋችሁ እንዲህ ያለ ቤት አታጡም፤ በሩ ላይ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የኳስ ተጫዋቾች ፎቶ፣ የተሰነጠቁ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ከውስጥ በየደቂቃው የጎል ጩኸት። ሁሉም ኳስ ነው የሚጫወተው። እኛ ስድስታችን ግን ጥጉን ይዘን ነበር። ባለቤቱ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተርና አንድ ስቲሪንግ ከነፔዳሉ አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስሮልን ነበርና "አሴቶ ኮርሳ" በሚባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ላይ ወራት አሳለፍን።

የምንነዳው ስፓ ፍራንኮርሻምፕ የሚባለውን የቤልጅየም የውድድር መንገድ ነው። አንዱ ዙር 7 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ጫካ ለጫካ ሽቅብ ይወጣል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ድሮ ሰው ወደ ገበያ የሚሄድበት ተራ የሕዝብ መንገድ ነበር። ወደ ማብቂያው፣ ከመድረሻው መስመር ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወደ ቀኝ ሰብሮ ወዲያው ወደ ግራ የሚመልስ ጠባብ መታጠፊያ አለው። "ባስ ስቶፕ" ይሉታል፤ በድሮው መንገድ እዚያ ቦታ የአውቶቡስ ፌርማታ ስለነበረ ነው። በዚያ መታጠፊያ ላይ ያደረግሁትን ነው የምነግራችሁ። ነገሩ ትንሽ ነው። ትንሽ መሆኑ ራሱ ነው ለረጅም ጊዜ ያስቸገረኝ።

ሲም ሬሲንግን ሞክራችሁ የማታውቁ በስልክ ላይ እንዳለው የመኪና ጨዋታ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። ጨዋታው የጎማውን ሙቀት፣ የመኪናው ክብደት ወዴት እንዳጋደለ፣ የቀረውን ነዳጅ ሁሉ ያሰላል። ስቲሪንጉ በእጃችሁ ውስጥ ይከብዳል፣ ይንቀጠቀጣል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ሊለቅ ሲል ደግሞ ድንገት ቅልል ይላል። በመጀመሪያው ሳምንት ሁላችንም የምንሳሳተው አንድ ዓይነት ስሕተት ነበር። ፍጥነት ነዳጅ በመርገጥ የሚገኝ ይመስለን ነበር። የሚገኘው ግን ከፍሬን ነው። መኪናው ገና ቀጥ ብሎ ሳለ አጥብቃችሁ ትይዛላችሁ፤ ከዚያ መሪውን እያዞራችሁ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ትለቃላችሁ። ጎማ ያለው አቅም አንድ ነውና ለመቆምም ለመታጠፍም ከዚያው ላይ ነው የሚቆርሰው። ሁለቱንም በሙሉ ከጠየቃችሁት ሁለቱንም ይነሳችኋል። ዓይናችሁም ልትደርሱበት ካሰባችሁት ቦታ ላይ መሆን አለበት። ግድግዳውን እያየ የነዳ ሰው ግድግዳውን መምታቱ አይቀርም፤ ይህን ስድስታችንም በየተራ አረጋግጠናል።

ዋናው ትምህርት ግን ሌላ ነው፤ መንገዱን ሙሉ በሙሉ መጠቀም። ወደ ቀኝ ልትታጠፉ ከሆነ ከግራው ጠርዝ ትነሳላችሁ፣ መሐል ላይ የቀኙን ጠርዝ ትስማላችሁ፣ ስትወጡ እንደገና ወደ ግራው ጠርዝ ትለቁታላችሁ። እንዲህ ሲሆን ጠባቡ መታጠፊያ ይሰፋል፣ መኪናው ፍጥነቱን ይዞ ያልፋል። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም። በሰፈር ውስጥ ስሄድ እንኳ እያንዳንዱን ማዕዘን በልቤ እንዲህ እታጠፍ ነበር።

አጎቴ አይሱዙ ይነዳል፤ ከአርባ ምንጭ ቼንቻ። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከ1,300 ሜትር ግድም ትነሱና ከ2,500 ሜትር በላይ ትወጣላችሁ። ሙዙ ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይመጣል፣ ሙቀቱ ይቀርና ጋቢ ያስፈልጋል፣ አባያና ጫሞ ከታች እንደ ሁለት ሳህን ይታያሉ። አንድ ቅዳሜ ከጎኑ ተቀምጬ ስንወጣ እውቀቴን ላካፍለው ፈለግሁ። "አጎቴ፣ እዚህች ጋ ወደ ግራ ሰፋ ብለህ ብትገባ ሳትቀንስ ታልፋታለህ" አልሁት። አልመለሰልኝም። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጥሩንባውን ረዘም አድርጎ ነፋ፣ የራሱን ጠርዝ ይዞ በዝግታ ዞረ። ከወዲያ ቀርከሃ የተሸከሙ ሁለት እናቶች ወደ ዳር ሲጠጉ አየን። አልፈናቸው ከሄድን በኋላ ነው የተናገረው። "ያኛው ግማሽ የማን ነው?"

ከዚያ በኋላ ነው የስፓ መንገድ ምን እንደሆነ የገባኝ። ከፊት የሚመጣ የሌለበት መንገድ ነው። ሙሉውን መጠቀም የሚቻለው ለዚህ ነው። አንዱ ደስታው ይኸው ነው፤ የሚሰጠው ነፃነት በቼንቻ መንገድ ላይ ሰው ይገድላል። ይህን ለይቶ ለሚያውቅ ሰው በጨዋታው መደሰት ምንም ክፋት የለበትም። በስክሪን ላይ መኪና የገለበጠ ሰው ሰው አልጎዳም፤ እንዲያውም ፍርሃትንና ስሕተትን ያለ ደም የሚማርበት ቦታ ማግኘቱ ጥሩ ነው። ወንድሞችና እህቶች "ይህ ሁሉ የሰነፍ ሥራ ነው" ሲሉ እሰማለሁ። ጊዜ ስለማባከን ከሆነ እስማማለሁ፤ እኔም አባክኛለሁ። ነገር ግን የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው።

እኛ ስድስታችን በዚያ ጥግ አንድ ሕግ ነበረን። ጨዋታው ከመስመር የወጣን ሰው በራሱ ሊቀጣ ይችላል፤ እኛ ግን ለጀማሪ ስለሚያሰለች አጥፍተነው ነበር። በምትኩ በቃል ተስማማን፤ ቢያንስ ሁለት ጎማ ከነጩ መስመር ውስጥ ይሁን። አራቱም ከወጡ ዙሩ አይቆጠርም፣ የነዳው ሰው ራሱ ይናገራል። ምርጥ ሰዓታችንን በወረቀት ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍን። ባለቤቱም በወሩ መጨረሻ አንደኛ የሆነውን አንድ ሳምንት በነፃ ላጫውት አለ።

ከእኛ ትንሹ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበር። የባጃጁን ሳንቲም ለጨዋታው ለማዋል ሲል ከሴቻ ቁልቁለቱን በእግሩ ይወርዳል፤ ሲመሽ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል። እጁ ለስላሳ ነበር። 2 ደቂቃ ከ25.1 ሰከንድ አስመዘገበ። የእኔ ምርጥ 2 ደቂቃ ከ25.6 ነው። ግማሽ ሰከንድ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ብሞክር አልቀነስ አለኝ።

አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሁሉም ተበተነ። እኔ ቀረሁ። መብራቱ ሲመለስ ባለቤቱ ውጭ በር ላይ ተቀምጦ ከሰው ጋር ያወራል፣ ውስጥ ማንም የለም። ጥሩ ዙር ያዝሁ። ባስ ስቶፕ ስደርስ ፍሬን ዘገየሁ፤ መኪናው ሊታጠፍልኝ እንደማይችል አውቄአለሁ። ያን ጊዜ መሪውን ቀጥ አድርጌ ጠርዙን ዘልዬ በአራቱም ጎማ አቋርጬ አለፍሁ። 2 ደቂቃ ከ23.8። ስክሪኑ ላይ ምንም አልተጻፈም። ተነስቼ ስክሪብቶውን አንስቼ ወረቀቱ ላይ ጻፍሁት። እውነቱን ለመናገር ልቤ ብዙም አልመታም። በዚያው ወር በወጣቶች ጉባኤያችን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ በሁለተኛው መልእክቱ ስለ ተወዳዳሪ የጻፈውን ክፍል፣ እንደ ሕጉ ያልታገለ ዘውድ አያገኝም የሚለውን አሳብ፣ ያስጠናሁት እኔ ነበርሁ። ሁለቱ ነገሮች በአእምሮዬ ውስጥ አልተገናኙም። ያኛው ትምህርት ነው፣ ይኸኛው ጨዋታ ነው።

የነፃውን ሳምንት ተጫወትሁ። ከዚያ ትንሹ ልጅ መጥቶ "ወንድም፣ ባስ ስቶፕን እንዴት ነው የምትይዛት?" ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበለው? "ፍሬን አዘግይ" አልሁት።

አዘገየ። ወጣ። ተሽከረከረ። እንደገና አዘገየ። ሁለት ወር ያህል እያየሁት በዚያ መታጠፊያ ላይ ተሰባበረ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን 23.8 ለመድረስ ማንም ሰው በመስመሩ ውስጥ ሆኖ በእኛ እጅ የማይደርስበትን ቁጥር ያሳድዳል። የራሱ 25.1 እንኳ ጠፋበት፤ 26፣ 27 ሆነ። አንድ ቀን ከወንበሩ ሲነሳ እጁን እያየ "የኔ እጅ አይረባም መሰለኝ" አለኝ።

እስቲ እዚህ ላይ አብረን እናስብ። "ጨዋታ ነው" የሚለው ቃል ምኑን ነው የሚያቃልለው? መኪናው የለም። አስፋልቱ የለም። የተዘለለው ጠርዝ ብርሃንና ቁጥር ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ስምምነቱ ነበር፤ ስድስት ሰዎች በቃላቸው የገቡት። ከዳገት ወርዶ የሚመጣው ልጅም ነበር። በጨዋታ ውስጥ የሚሆነውና በተጫዋቾች መካከል የሚሆነው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ምናብ ነው። ሁለተኛው ግን ከጉሊት ሚዛን ወይም ከፈተና ወረቀት አንዳች የማይለይ እውነት ነው። እኔ መንገዱ ላይ ብቻዬን ያለሁ መስሎኝ ሙሉውን ተጠቀምሁበት። ያኛው ግማሽ ግን ባለቤት ነበረው።

በሩቅ አገርም ይኸው ነገር ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት የመኪና ውድድሮች ሲቆሙ የፎርሙላ ኢ ሹፌሮች ከየቤታቸው በሲሙሌተር ይወዳደሩ ነበር። በግንቦት ወር በተደረገ አንድ ውድድር ጀርመናዊው የአውዲ ሹፌር ዳንኤል አብት ሦስተኛ ወጣ። ወትሮ እዚያ ላይ የሚደርስ አልነበረምና ሌሎቹ ተጠራጠሩ፤ በካሜራው ላይም ፊቱ በደንብ አይታይም። ኋላ ሲጣራ በስሙ የነዳው ሌላ የሲም ተወዳዳሪ ሆኖ ተገኘ። አብት 10,000 ዩሮ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተቀጣ፣ አውዲም አገደው፤ በእውነተኛው መኪና ውስጥ የነበረውን ቦታ አጣ። ለተመልካች የሚሆን ቀልድ ሊሠራ አስቦ እንደነበር ተናገረ። ብዙ ሰዎች "ለጨዋታ ይህን ያህል?" ብለው አዘኑለት። እኔም ቅጣቱ ከባድ ይመስለኛል። ሆኖም ቅጣቱ በዛ ማለት አንድ ነገር ነው፣ ጥፋት አልነበረም ማለት ሌላ ነው። የዚያን ቀን አራተኛ የወጣው ሰው በእውነት ሦስተኛ ነበርና።

ሌላም የማስበው ሰው አለ። ጃን ማርደንቦሮ የሚባል እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2011 ግራን ቱሪስሞ በተባለው ጨዋታ በኩል በተዘጋጀ ውድድር አሸንፎ እውነተኛ መኪና ተሰጠው። የተጫዋች እጅ እውነተኛ አስፋልት ላይ ይሠራል ወይ የሚለውን ጥያቄ መለሰ፤ በ2013 በለማን የ24 ሰዓት ውድድር በምድቡ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንዱ ሆነ። በወንበር ላይ የለመድነው ነገር ከወንበሩ ላይ አይቀርም ማለት ነው። ጥሩው ልማድ የሚሻገር ከሆነ ሌላውስ በምን ድልድይ ላይ ይታገዳል? በ2015 ደግሞ ጀርመን አገር ኑርቡርግሪንግ ላይ መኪናው ከመሬት ተነስቶ አጥሩን አለፈና አንድ ተመልካች ሞተ። ከ2023ቱ ፊልም ያያችሁት ይህ አደጋ ከለማን በፊት የሆነ ይመስላል፤ ታሪኩ በድል እንዲያልቅ ቅደም ተከተሉን ቀይረውታል። ፊልምም እንደ ጨዋታ ወደ ኋላ መመለስ ይችላል። በኑርቡርግሪንግ የቆመው ሰው ግን አልተመለሰም።

ታዲያ ማንም በማያይበት፣ ምንም በማይሰበርበት ቦታ ሰውን ከመስመር ውስጥ የሚያቆየው ምንድን ነው? በፎርሙላ 1 ካሜራ ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኦስትሪያው ውድድር ከ1,200 በላይ የመስመር ጥሰት ጥቆማዎች ለዳኞች ደርሰው ስለነበር፣ ውድድሩ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ለ8 ሹፌሮች ተጨማሪ ቅጣት ወጣ። የዓለም ምርጥ ሹፌሮች፣ በካሜራ ተከብበው! በሚቀጥለው ዓመት በመጨረሻዎቹ መታጠፊያዎች ዳር የጠጠር ንጣፍ አደረጉበት። ችግሩ ቀለለ። ጠጠር ያዘገያልና ማንም መርገጥ አልፈለገም። አዘጋጆቹን አልነቅፍም፤ ሥራቸውን ሠርተዋል። ግን ጠጠሩ የሹፌሮቹን ፍላጎት አልለወጠም። መስመሩን ማክበር አትራፊ እንዲሆን አደረገ እንጂ።

እኛ አገር ሌላ መስመር አይተናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ። ይህን የመሰለ ትልቅ ነገር ከጨዋታ ጎን ማንሳቴ አይክበዳችሁ፤ ለማነጻጸር አይደለም፣ ሌላ የሚገልጽልኝ ነገር ስላጣሁ ነው። ምስሉን አብዛኞቻችሁ አይታችኋል። ሣር ምን ያህል ያግዳል? አንድ እርምጃ ነው። ሽማግሌዎቹ ወጣቶቹን በጉልበት ሊያስቆሙ አይችሉም ነበር፤ ከመስመሩ ወዲያ ጠጠር አልተደረገም። ወጣቶቹ ግን ሣሩን አልተሻገሩም። ተመለሱ። አባቶች በሣር ሲለምኑ አይታለፍም የሚለው ነገር በዚያ ቀን የተፈጠረ አይደለም። ልጆቹ ያደጉት በትንንሽ ጠብ፣ በድንበር፣ በከብት ጉዳይ፣ ብዙ ባላስከፈለበት ጊዜ ሣሩ ሲከበር እያዩ ነው። በትንሹ ቀን ያልተለመደ ነገር በትልቁ ቀን ከየት ይመጣል?

አጎቴም ጉም ባለበት መታጠፊያ ብቻ አይደለም ጥሩንባ የሚነፋው። ጠራርጎ በሚታይበት፣ ማንም በሌለበትም ይነፋል። አንድ ጊዜ "እዚህ ማን አለ ብለህ ነው?" ብዬ ስቄበታለሁ። "እየመረጥሁ ከነፋሁ አንድ ቀን እሳሳታለሁ" አለኝ። ይህም ሰው ቁልቁለቱን በወጣበት ማርሽ ነው የሚወርደው።

ልጁ "የኔ እጅ አይረባም" ካለ በኋላ ሦስት ሳምንት ዝም ብያለሁ። ምክንያት አላጣሁም። ነገሩ አልፏል፣ የነፃው ሳምንት ተበልቷል፣ ማንሳቱ ማሳፈር ነው፣ ደግሞስ ለጨዋታ! የሚገርመው፣ ከባድ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ ቶሎ የምናገር ይመስለኛል። ለትልቅ ጥፋት ለቅሶ አለ፣ ጸሎት አለ፣ የሚያጽናና ሽማግሌ አለ። ለ1.8 ሰከንድ ግን ምን ዓይነት ፊት ይዞ ይቀርባል?

አንድ ሐሙስ ስድስታችንም በነበርንበት ተናገርሁ። ባለቤቱ ሳቀ። "አንተ ደግሞ! ጨዋታ አይደል እንዴ?" አለ። ሁለቱ ጓደኞቼ ተሳደቡ፤ ቀልድ የተቀላቀለበት ስድብ ነበር። ትንሹ ልጅ አልሳቀም፣ አልተሳደበም። ወደ ወረቀቱ ሄዶ ቆመ።

"የራስህ ትክክለኛው ስንት ነበር?" አለኝ ሳይዞር።

"25.6።"

ብዙ ቆየ። የሁለት ወሩን እያሰላ ይሁን ሌላ ነገር እያሰበ አላውቅም። ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ራሱን ነቀነቀ፣ እሺ ይሁን እምቢ ግን አልለየሁም። የነፃውን ሳምንት ሒሳብ ልክፈልለት አልሁ። "ተወው" አለ። ከዚያ የእኔን ቁጥር በስክሪብቶ ሰረዘና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ከኋላው ቆሜ አየሁት። ባስ ስቶፕ ሲደርስ ፍሬኑን እኔ ካስተማርሁት ቦታ ላይ አልያዘም፤ ቀድሞ፣ ድሮ በራሱ ይይዝበት ከነበረው ቦታ ላይ ያዘ። መኪናው ጸጥ ብሎ ወደ ቀኝ ታጠፈ፣ ወደ ግራ ተመለሰ፣ ነጩን መስመር በሁለት ጎማ እንኳ አልነካም። ስክሪኑ 2 ደቂቃ ከ25.9 አለ።

"አንድ ጊዜ ልድገማት" አለና መሪውን ያዘ።